መርፌው ወረደ እንጂ ዘይቱ አልወረደም

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምጋሼ ፉፋ፦

የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ዓይንህን ያስለቀሰህ የባሕር ነፋስ ተወህ ወይ? ውሃውስ ተስማማህ? እኛ በጤና አለን። የጥቅምት ብርድ ከእንጦጦ እየወረደ ጆሯችንን ይቆርጠዋል። ከአንተ ሙቀት ጥቂት ብትልክልን፣ እኛም ከብርዳችን ብናካፍልህ ሁላችንንም በተመቸን ነበር።

ይህ ሳይደርስህ የአባባ ደብዳቤ እጅህ ገብቶ ይሆናል። «ኢፍቱ መኪናዋን አቃጠለችብኝ፤ የተውክላትን የመፍቻ ሣጥን ለሾፌሩ ለከበበ እንድታስረክብ እዘዛት» እንዳሉህ አውቃለሁ፤ ፖስታው ላይ አድራሻህን የጻፍኩት እኔ ነኝና። አሁን ደግሞ እኔን ስማኝ።

አንድ መርከበኛ ሸጦልህ የላክህልኝን የዘይት ግፊት መለኪያ የገጠምኩት በመስከረም መጨረሻ ነው። እንደምታውቀው ናፍጣዋ ላንድሮቨራችን የነበራት አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ናት፤ እሷም እንደ መርዶ ነጋሪ የምትመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የመኪናዋን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ቀን አነበብኩ። ከሞተሩ ጎን የመብራቱን ማብሪያ ፈትቼ ሦስት አፍ ያለው መገናኛ አስገባሁ። በአንዱ አፍ መብራቱን መለስኩ፤ በሌላው ቀጭኑን የመዳብ ቱቦ አስሬ መሪው አጠገብ እስካለው መለኪያ ድረስ ሳብኩት። ንዝረት እንዳይሰብረው ቱቦውን ሁለት ዙር ጠምዝዤዋለሁ፤ ያሳየኸኝን አልረሳሁም። ሞተሩን ሳስነሳና መርፌው ብድግ ሲል ብቻዬን እልል አልኩ። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

ከዚያ ለከበበ «ዘይት ከወረደ ወዲያው አቁም» አልኩት። ግፊቱ ማለቴ ነበር። ቃል ቆጠብኩ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለብኝም።

ጥቅምት አንድ ቀን ተሳላሚ ጭነን ወደ ራጉኤል ወጣን። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጋለ፤ ሲግል ደግሞ መርፌው ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ከበበ ግን ዝቅ ባለ ቁጥር ያቆምና ኮፈኑን ይከፍታል። እኔ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተጣብቤ ስለነበር ውሃ የሚጨምር መስሎኝ ነበር። ለካ ዘይት ነው የሚያንቆረቁረው! የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ሞተሩ ከልክ የተረፈውን ዘይት ራሱ እየጠጣ ያጓራ ጀመር። ከበበ ማጥፊያውን ቢስብ እንቢ አለ። ሰው «እሳት! እሳት!» እያለ በጢሱ መካከል ሲሸሽ፣ እኔ አየር የሚስብበትን ቱቦ ነቅዬ አፉን በነጠላዬ ወተፍኩት። ታንቆ ጸጥ አለ።

ቀድመውን ደርሰው ደጃፉ ላይ የቆሙት አባባ ምን እንዳሉ ልንገርህ? ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ፣ «ሴት ልጅ ቡሎን ስትፈታ እያየሁ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ ጥፋተኛው! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረስኳት መኪና እንድታቃጥልልኝ ነው!» አሉ። ሰው ሳቀ። ከበበ አንገቱን ደፋ። እኔ አላለቀስኩም።

በሦስተኛው ቀን አባባንና ከበበን ግቢያችን ውስጥ አቁሜ ዘይቱን ቀዳሁት። ስድስት ሊትር መያዝ የነበረበት ሞተር ዘጠኝ ሊትር ገደማ ወጣው። «ከቤ፣ ይኼ ከየት መጣ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ኧረ እቴ፣ ዘይት ከወረደ አቁም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ወረደ፤ አቆምኩ። ቆሜ ምን ልሥራ? ጨመርኩ!» አለኝ። የደም ሥሩን ትርታ ስነግረው እሱ ደሙ አለቀ ብሎ ሰማኝ። ትክክለኛውን ልክ ሞልቼ አስነሳኋት፤ ይኸውና ዛሬም ትሠራለች። አባባ ይህን ሁሉ አይተው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ገቡ። ደብዳቤው ግን ቀድሞ ተልኮ ነበር።

ስለዚህ ወንድምጋሼ፣ ሣጥኑን አልሰጥም። አንተ በእጅህ «ስጪ» ብለህ ብትጽፍ እንኳ መጀመሪያ እከራከርሃለሁ። ይህን የምልህ ስለምወድህ ነው፤ መፍቻ አያያዝ ያስተማርከኝ አንተ ነህና።

እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ «በባዶ ሆድህ ሥራ እንዳትገባ» ብላሃለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጠይባ በብዙ ምርቃት ሰላም ብለውሃል፤ ለእኔም «የሞተር ወጌሻ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ከበበ ሰላም ብሎሃል፤ አሁን መርፌው ሲንቀሳቀስ «ግፊት ነው፣ ግፊት ነው» እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

አባባን ምን ልበልልዎ ብላቸው፣ «መኪናዋ ደህና ናት፤ ያዳነቻትም ኢፍቱ ናት በይው» አሉኝ። ብዕሬን አስቀምጬ፣ «አባባ፣ እኔን ያዋረዱኝ በደብዳቤ አይደለም፤ በራጉኤል ደጃፍ፣ በሰው ፊት ነው» አልኳቸው። እማዬ «አንቺ ልጅ!» ብላ አፏን ያዘች። አባባ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ረቡዕ ኅዳር አንድ፣ ራጉኤል ነው። እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ። ቀድመሽ ተነሺ» ብለውኝ ወጡ።

እህትህ ኢፍቱ ጎበና
አዲስ አበባ፣ የካ
ጥቅምት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.