ከስሜነህ የገዛኋት መኪና

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለሜ አየሁሽ፤ ጁባ።

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? እንደምንስ ከርመሻል? የጁባ ሙቀት፣ የምግብ ቤቱ እሳትና የሰው አገር ኑሮ እንደምን ይዘውሻል? ያ የሚነዘንዝሽ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። አባባ አሉ፤ እማዬ አለች፤ ባለቤቴ ስርጉትም ደህና ናት። ማርያማዊት ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ከፎቶሽና ከድምፅሽ በቀር ስለማታውቅሽ «አክስቴ ስልክ ውስጥ ነው የምትኖረው» ትላለች።

ሰሞኑን ስትደውዪ «ድምፅህ ምን ሆኗል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ጉንፋን ነው ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ጉንፋን አልያዘኝም። የሆነውን ነገር እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ፣ በስልክ ልነግርሽ አልሆነልኝም። ጎረቤታችን ዋሲላ ፈቃዷን ጨርሳ ነገ ወደ ጁባ ስለምትመለስ ይህን ወረቀት በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነርስ ስሜነህን መቼም አትረሺውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ አባባ ከእርሻ ሲመለሱ መኪና ገጭቷቸው ያነሳቸው እሱ ነው። «አስፋልት ዳር ወድቀው አገኘኋቸው» ብሎ፣ ደማቸው እንዳያልቅ እግራቸውን በገዛ ሸሚዙ አስሮ፣ በዚያች ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪናው ጭኖ ለሐኪም ያደረሳቸው እሱ ነው። ጎንደር ድረስ ተከትሎን ሄዶም ደሙን ሰጥቷቸዋል። የግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ቢቆረጥም ነፍሳቸው ተረፈች። የገጫቸው ግን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። አንቺም ለስሜነህ ከጁባ የእጅ ሰዓት ልከሽለታል፤ በስልክ «ወንድሜ» እያልሽ ስትመርቂው ሰምቻለሁ። ማርያማዊት ስትወለድ ደግሞ ሚስቱ ሙሉአለም ክርስትና አንሥታልን አበልጅ ሆነናል።

ያቺ መኪናው ከዚያ ቀን ወዲህ ከግቢው ወጥታ አታውቅም። ሞተሯ ነክሷል፣ አይነሣም ይል ነበር። በሸራ ሸፍኖ ከኒም ዛፉ ሥር አቆማት። እኔ እንደምታውቂኝ የትራክተር መካኒክ ነኝ፤ ዕድሜዬን ከጭቃና ከግሪስ ጋር ስታገል የኖርሁ ሰው ነኝ። ያቺን መኪና ባየኋት ቁጥር ግን ልቤ ይሰረቅ ነበር። መሬት ልትስም የደረሰች፣ እንደ እባብ የተለጠጠች ናት። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች አሮጌ ብትሆንም አነሣታለሁ የሚል ተስፋ ነበረኝ። አባባንም ለሰው ሠራሽ እግር ጎንደር እያመላለስሁባት፣ በአውቶቡስ ከመንገላታት አሳርፋቸዋለሁ አልሁ። ስርጉት ግን «አንድ ኩንታል ሰሊጥ የማትጭን መኪና ለሚዜ ካልሆነ ለምን ትሆናለች?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሽጥልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄው እንቢ ብሎኛል። ታኅሣሥ ላይ ወደ ደባርቅ ዝውውር ደረሰው። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው «ውሰዳት። ግን ባለሙያ ነህ፤ ፈታተህ እያት» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የጎማዎቿን እንኳ አያወጣም። አበልጅነታችንን አስቦ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሦስት ምስክር ፊት ውል ተፈራረምን፤ በትራክተር አስጎትቼ ወደ ቤት አመጣኋት። ሰፈሩ ሁሉ እያጨበጨበ ተከተለን። አባባ ብቻ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጡ አንዴ አዩዋትና ክራንቻቸውን አንሥተው ወደ ቤት ገቡ። ያን ክፉ ቀን አስታውሳቸው ነው ብዬ አዘንሁ።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሥራ ጀመርሁ። መጀመሪያ ባትሪ ገጠምሁና ቁልፉን አዞርሁ። እታለም፣ በአንድ ጊዜ ተነሣች! ነክሷል የተባለው ሞተር እንደ ንብ እምም አለ። ጤነኛ መኪና አራት ዓመት ሙሉ በሸራ የሚሸፍን ሰው ምን ዓይነት ነው ብዬ ተገረምሁ። ከዚያ የፊቷን ማየት ጀመርሁ። የቀኙ መብራት የሌላ መኪና ነው። የፊት መከላከያዋ፣ ፓራውልቷ፣ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል፤ ላዩ በስቱኮ ተለስኗል፤ የተሠራውም ባለሙያ ባልሆነ እጅ ነው። በባለ አሥራ አራት መፍቻ ቁልፍ ፈትቼ ፓራውልቱን ወደ መሬት ሳወርደው ከራዲያተሩና ከብረቱ መካከል የተሰነቀረ ነገር አየሁ። በጣቴ ስቤ አወጣሁት።

የአባባ የዱላቸው ቀለበት ነው። አንቺ ወደ ጁባ ስትሄጂ ከናስ አሠርተሽ፣ «አ» የሚል ፊደል አስቀርጸሽ፣ ዱላቸው ጫፍ ላይ ያስገባሽላቸው። ያኔ ዱላው ተሰብሮ መንገድ ዳር ሲገኝ ቀለበቱ አልነበረም፤ መንገደኛ ወስዶታል ብለን ነበር። እንደ ጅል ተቀምጬ ሌላ ምክንያት ፈለግሁለት። አባባን ሲጭናቸው ወድቆ ይሆን አልሁ። ግን ሰው በበር ይጫናል እንጂ በራዲያተር በኩል አይገባም።

ወደ ስሜነህ ቤት እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። ቀን ነው፤ ገበያው ደርቷል፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ይሰማኛል፤ እኔ ግን እያለፍሁት ሄድሁ። በሩ ላይ ስደርስ ያን መፍቻ ቁልፍ አጥብቄ እንደያዝሁ ነበር። እሱና ሙሉአለም ለደባርቅ ጉዞ ሻንጣ እያሰሩ አገኘኋቸው። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ሙሉአለም «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ስሜነህ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «አባባን የገጨኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነው» አላት። እሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም። የታሰረው ሻንጣ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ለምን ሸጥህልኝ አልሁት። ሌላ የሚጠየቅ ስንት ነገር እያለ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። «እኔ እንጃ። እንድታገኘው ፈልጌ ይሆናል። እኔ እንደሆንሁ በአፌ ለማውጣት አራት ዓመት ሞክሬ አልቻልሁም» አለኝ። መፍቻ ቁልፉን ከቀለበቱ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። እጄን ስላመንሁት አይደለም፤ ስላላመንሁት ነው።

ቤት ስመለስ አባባ ብቻቸውን ነበሩ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ነገርኋቸው። ሲሰሙኝ የደነገጡ አልመሰሉኝም። ራሴን ይዘው «ደሴ ልጄ፣ እኔ እኮ አውቃለሁ» አሉኝ።

እታለም፣ ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ስሜነህ ሲያነሣቸው ጨርሰው ነፍሳቸውን አልሳቱም ነበር። «መሪውን እየደበደበ፣ ገደልሁት፣ እናቴ ገደልሁት እያለ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ጎንደር ስነቃ ደግሞ አንተ አልጋዬ ግርጌ ቆመህ፣ ያደረገውን ባገኘው ነፍሱን አልምረውም ስትል ሰማሁህ። አጎትህ ፀሐዩም ከሳንጃ ከተማ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ነበር። አንድ እግሬ ሄዷል፤ አንድ ልጄንም ልጨምርበት? እሱ ቢሞት አንተ ወይ ትታሰራለህ፣ ወይ ዘመዶቹ ይገድሉሃል። ዝም አልሁ። ማርያማዊት ስትወለድም ሚስቱ ካላነሣች ብዬ ድርቅ ያልሁት ለዚሁ ነው። አበልጅ ከሆናችሁ በኋላ አንድ ቀን ብትሰማ እንኳ እጅህ አይነሣም ብዬ ነው።» ለካ ያን መፍቻ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠልኝ የአባባ ዘዴ ኖሯል።

እሑድ የነፍስ አባታችንና ሁለት ሽማግሎች ባሉበት ስሜነህ ቤታችን መጥቶ ሁሉንም በአፉ ተናገረ። አባባ ያውቁ እንደነበር ሲሰማ መሬት ላይ ተደፍቶ አልነሣም አለ። እማዬ ያን ዕለት ነው የሰማችው። ጮኻ ታለቅሳለች ብለን ስንፈራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ከገጨኸው በኋላ ወዲያው ነው ያነሣኸው?» አለችው። ከሽማግሎቹም ይህን ያሰበ አልነበረም። እሱም አልዋሸም። ፈርቶ እስከ ድልድዩ ድረስ ነድቶ እንደነበር፣ በመስታወት ሲያይ አባባ ከመሬት እጃቸውን እንዳነሡ፣ ከዚያ እንደተመለሰ ነገራት። እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «ከድልድዩ ስለተመለስህ ልጆቼ አባት አላቸው። እስከ ድልድዩ ስለሄድህ ደግሞ እኔን ዛሬ ይቅርታ አትጠይቀኝ» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ስሜነህ በራሱ ፈቃድ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። አባባም ክራንቻቸውን ይዘው በባጃጅ አብረውት ሄዱ። «ያነሣኝም እሱ ነው፤ ሁለቱንም ጻፉት» አሏቸው አሉ። አሁን በዋስ ወጥቶ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይጠብቃል፤ ዝውውሩም ቀርቷል። መኪናዋን ልመልስለት ስል አባባ ከለከሉኝ፤ ብረት ምን አጠፋ ብለው። ፊቷ ተገንጥሎ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ እኔ እስካሁን አልነካኋትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ገና ይቅር አላልሁትም። መንገድ ላይ ሳገኘው ከልምድ የተነሣ እጄ ለሰላምታ ይነሣል፤ ከዚያ መሐል ላይ ይቀራል። አባባንስ ቢሆን ላመስግናቸው ወይስ ልቆጣቸው? አንቺ ታላቄ ነሽ፤ የሚታይሽን ጻፊልኝ።

በይ እንግዲህ፣ አባባ «በርቺልኝ፤ በሰው አገር ቂም አትያዢ፣ ይከብድሻል» ብለውሻል። እማዬ ጉንጭሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች። ከእሑድ ጀምሮ ከአባባ ጋር አትነጋገርም፤ ትናንት ክራንቻቸው ሲወድቅ ግን አንሥታ ሰጥታቸዋለች። ስርጉት እንደ እህቷ ትናፍቅሻለች። ማርያማዊት ይህችን ከታች ያለችውን ጭረት በገዛ እጇ ጽፋልሻለች፤ ስምሽ ነው ብላኛለች። አጎት ፀሐዩ ገና አልሰማም፤ ስትደውዪለት ምንም እንዳታነሺለት። እዚያ አብረውሽ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ስሜነህም ይህን እንደምጽፍልሽ ሲያውቅ «ሰላም በልልኝ» ብሎኛል። ልጻፈው ልተወው ብዬ ብዙ አሰብሁ። ይኸው ጽፌዋለሁ፤ መቀበሉን አንቺ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ደሴ አገኘሁ

ገንዳ ውሃ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.