«ሲሲ፦ የለም» ተብላ ስለተመዘገበች መኪና

ይድረስ ስምዎን ማኅተሙ ስለሸፈነብኝ በማዕረግዎ ብቻ ለምጠራዎት፣ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ክፍያ ክፍል ኃላፊ፤
ሐዋሳ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የሐይቁ ነፋስም የወረፋችን ጫጫታም ሳይጎዳዎት ሐምሌን እንዳጋመሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ መናኸሪያ ብርድ ልብስና መጋረጃ የምሸጥ ሽታዬ የምባል ነጋዴ ነኝ። ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ፒካፔም ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ የታመመችው እርስዎ አዲሱን ተመን ካወጡ ወዲህ ነው።

ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት የቀኑን ነገር በደብተር የማስፈር ልማድ ስላለኝ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ ቀን ያለው ነው። አደራዎን፣ ነገሩን በቅናት እንዳይተረጉሙብኝ፤ ነጋዴ አይቀናም፣ ያወዳድራል።

አንደኛ፤ ሰኔ 12 ቀን የዘንድሮ ቦሎዬ ስንት እንደሚደርስ ልጠይቅ ከመስኮትዎ ስቆም፣ ከፊቴ ተሰልፎ የነበረው ከሱቄ ትይዩ ሩዝና ዘይት የሚያከፋፍለው ጎረቤቴ አቶ ተክሌ ነበር። በፊቼ በዓል ሰሞን ገዝቶ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ጭኖ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ዙሪያ ያንሸራሸራትን ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ሊያስመዘግብ መጥቶ ነው። የመስኮትዎ ጸሐፊ ወይዘሪት ፀጋ ቅጹን በትሕትና ሞላችለት፤ «የሞተር ጉልበት በሲሲ» ከሚለው መስመር ስትደርስ ብዕሯን አንስታ ጥቂት አሰበችና «የለም» ብላ ጻፈች። ክፍያው የሚሰላው በሲሲ ስለሆነ፣ የሌለ ነገር ደግሞ በምንም ቢባዛ የለም ስለሆነ፣ የግቢ በር ሞልታ የምትገባው መኪና ከባጃጅ ያነሰ ክፍያ ወጣላት። ቀጥሎ የእኔ ተራ ደረሰ። የእኔ ፒካፕ ሲሲ አላት፤ እጅግ ብዙ አላት። በዚያ ላይ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ስለሆነ የእርጅና ጭማሪ ተደረገባት። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ ሃያ ዓመት ያገለገለች መኪና ቅጣት እንደሚወጣላት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ለሁለታችንም የሚሰጠው ቦሎ በቀለሙም በስፋቱም አንድ ነው። ከእሱ ብዙ እጥፍ ከፍዬ እኩል ወረቀት ከምለጥፍ፣ የእኔን እንደ መጋረጃ ሰፋ አድርገው ቢያዘጋጁልኝ ጨርቁን በራሴ ወጪ እችላለሁ።

ሦስተኛ፤ የአቶ ተክሌ መኪና መቀመጫዋ ነጭ ቆዳ ስለሆነ ጆንያ አትጭንም። ስለዚህ ሩዙ ከመጋዘን የሚመጣው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነውና፣ በእኔ ፒካፕ ነው። ሐሰት አልናገርም፣ ነዳጅ ሞልቶ ይመልሳል። ሆኖም ጆንያው የእሱ፣ የመንገዱ ግብር የእኔ ሆኗል። ይህ ሳያንሰኝ በዚያች መኪናው ከጀርባዬ መጥቶ ይቆምና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ሽታዬ፣ ስመጣ ሰማሽኝ?» ይለኛል። አልሰማሁትም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

አራተኛውና የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ድሮ መኪና የሚመርጥ ሰው ሞተር ያስነሳል፣ ጎማ ይረግጣል፣ ከሥር ተንበርክኮ ያያል። ዛሬ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ቦሎዋ ስንት ነው?» ሆኗል። እኔም ፒካፔን ሸጬ ካጠራቀምኩት ጋር አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ልገዛ ቆርጬ፣ ሰኔ 14 ቀን «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ለጠፍኩባት። ቦሎዋ የሚያበቃው ሐምሌ 30 ነው። እስከዚያ ካልተሸጠች ያጠራቀምኩትን ለእርስዎ ከፍዬ ለከርሞም ከእሷው ጋር መቅረቴ ነው።

ገዢ አልጠፋም። የሽንኩርት ነጋዴው ሱሌይማን ዞሮ ዞሮ አያትና «መኪናዋንስ ወድጃት ነበር፣ ቦሎዋ ነው የከበደኝ» ብሎ ሄደ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ክፍያውን ከደመወዛቸው ጋር አመዛዝነው በእግር መሄድ ለጤና እንደሚበጅ ነገሩኝ። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አንድ ጨዋ ሰው ለእርሻዬ ትሆነኛለች ብለው መጡ። ሞተሯን አስነሥተው አዳመጡ፣ አወደሷት፣ በዋጋው ተስማማን፣ ቀብድ ሊልኩልኝም ስልካቸውን አወጡ። ዓመታዊ ክፍያዋን ስነግራቸው ግን ስልኩን ወደ ኪሳቸው መልሰው «ይሄማ አይሆንም! ማነው ይህን የተመነው?» ብለው፣ የከፈትኩላቸውን ለስላሳ ሳይጨርሱ ሄዱ።

ስለሆነም በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የፒካፔን ሞተር አውልቄ በፈረስ ባስጎትታት፣ እሷም «ሲሲ፦ የለም» ተብላ ልትመዘገብልኝ ትችል እንደሆነ፣ የፈረሱም ዕድሜ ጭማሪ ያስከትል እንደሆነ፣ ከሐምሌ 30 በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ ነው።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ሲሲም አያብዛብዎ።

ያለ ማቋረጥ የምትከፍልዎ፣
ሽታዬ
የብርድ ልብስና የመጋረጃ ነጋዴ፣ ከመናኸሪያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን የምጨምረው ከቢሮዎ ኮሪደር ተቀምጬ ነው። ፒካፔን አጉል እንዳላደክማት ብዬ እስከ መሃል ከተማ ያመጣኝ አቶ ተክሌ ነው። መኪናዋ እንደ ሐይቅ ጀልባ ትንሳፈፋለች፤ መቀመጫውም ከሥር ያቀዘቅዛል። ነጋዴ አይቀናም ብዬ ከላይ የጻፍኩትን መስመር እባክዎ ይሰርዙልኝ።

ሌላው፣ ከፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ የኃላፊዎች ፎቶግራፍ ከነማዕረጋቸው ተሰቅሏል። እርስዎን ያለ መነጽር ሳይዎት ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን ወዲያው አወቅሁዎት። ማክሰኞ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱን ስላገኘሁልዎ ደስ ብሎኛል። ፒካፕዋ አሁንም አልተሸጠችም፤ የለስላሳውን ሂሳብ ግን ትቼልዎታለሁ።