የብስኩቱ ጣሳ ክዳን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እናንተ ደቡብ፣ ማስትሪክት፣ ሙቀቱ ገብቶላችኋል አሉ፤ እዚህ ሰሜን ግን ነፋሱ አሁንም የሰው ባርኔጣ ይዞ ይሮጣል። አባትሽ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ልጄ፣ ለትንሿ ክርስትና የቀረሁት በጉንፋን አልነበረም። ጉበቴን ካንሰር ይዞኛል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ መስታወት ፊት ብቆም፣ ቀሚሱ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ። እንዲህ ሆኜ እንድታይኝ አልፈለግሁም። አውልቄው ስልክ ደወልኩልሽና ሆን ብዬ ሳልኩልሽ። አንቺም አምነሽኝ "እማዬ፣ ዝንጅብል ጠጪ" አልሽኝ። አፈርኩ፣ እስካሁንም አፍራለሁ።

ሌላ በሽታ ቢሆን እናገር ነበር። ጉበት ሲባል የሰው ዓይን ወደ ጠርሙስ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ከቆየ የጉበት ቫይረስ የመጣ ነው ቢለኝም፣ እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ የፖም ጭማቂ የጠጣሁ ሴት ይህን በየቤቱ እየዞርኩ ላስረዳ?

"በዚህ አቅምዎ ሕክምናውን አይችሉትም፤ መጀመሪያ ሰውነትዎ ይመለስ" ብሎ ሐኪሙ ወደ ምግብ ባለሙያዋ ላከኝ። እሷም ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይብሉ አለችኝ፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ። የታመመ ጉበት ለሌሊቱ ስንቅ ስለማይዝ፣ ሳልቀምስ እንዳልተኛ አስጠነቀቀችኝ። ጨው የበዛበትን የሄሪንግ ዓሣና ቋሊማ ከለከለችኝ። "ጨው ውሃ ያስቋጥራል፤ ሆድና እግር ሲያብጥ ሚዛኑ ከፍ ይላል፤ እሱ መወፈር እንዳይመስልዎ" አለችኝ።

መብላት ቀላል ነው ትያለሽ። እናንተ ደቡቦች የብስኩት ጣሳ ክፍት ትታችሁ ታወራላችሁ አሉ። እዚህ ግን ታውቂያለሽ፣ ከቡናው ጋር አንድ ብስኩት፣ ከዚያ ክዳኑ ይከደናል። እናቴ እስክትሞት እንዲያ ስትከድን ኖረች፤ ስትሞት ጣሳው ለኔ ደረሰ፤ እኔም እስከ ዛሬ ስከድን ኖርኩ። ታዲያ ሰው እያየኝ በየሁለት ሰዓቱ ላላምጥ? ይሉኝታ ያዘኝ። የተቀቀለ እንቁላል በዝናብ ካፖርቴ ኪስ እየከተትኩ፣ ብስክሌት የምናስቀምጥበት ጎጆ ገብቼ ቆሜ እውጥ ጀመር። የዋጥኩትም በፍርሃት ግማሹ ይመለሳል።

ጎረቤታችን ፌና አፌን እየጠረግሁ ስወጣ አየችኝ። ምን ብላ እንዳሰበች ገምቺ። በሳምንቱ ፓስተሩ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጌታ ከማንኛውም ሱስ ያወጣል" አለኝ። እኔ ደግሞ ራሴን ነቀነቅሁ! ሰካራም እንዳልባል በሽታዬን ደበቅሁ፤ ሆዳም እንዳልባል ስካሩን ተቀበልኩ። ከዚህ የባሰ ጅል እናት አይተሽ ታውቂያለሽ? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የአባትሽ ልደት መጣ። እንደ ወጉ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ሁሉም አንድ አንድ ብስኩት አነሳ፤ አባትሽም እጁ ለምዶበት ጣሳውን ከደነው። ወሬው ረዘመ፤ እኔን ረሃብ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ቀስ ብዬ ጣሳውን ከፈትኩ።

ፌና ሳቀች፤ "ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ቤቱን ልታራቁቺው ነው እንዴ?"

ያነሳሁትን መለስኩት። ያኔ አባትሽ፣ በዓመት ሁለት ቃል የማይወጣው ሰውዬ፣ ብድግ አለ። "ፌና፣ ሚስቴ የጉበት ካንሰር አለባት። ጎጆ ውስጥ የምትደበቀው እንቁላል ልትበላ ነው። ካልበላች ትሞትብኛለች" አለ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የአባትሽ አክስት ዊፕኬ፣ ያቺ ከሁላችን የባሰች ቆጣቢ፣ አባትሽን "ሐርም፣ እስቲ ጣሳውን ወዲህ በል" አለችው። ሁለተኛ ብስኩት አንስታ፣ በሌለ ጥርሷ አድቅቃ፣ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው። "ይኸው አልወደቀም" አለችና ጣሳውን አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው አሳለፈች። ሁሉም ሁለተኛ አነሳ። ፌና እንባዋ እየወረደ አነሳች። ጣሳው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ፣ ልጄ፣ ሰው እያየኝ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ጣሳው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብስኩቱ ጎን እንቁላልም አለበት። ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አላላሁ፤ እግሬን ስጫነው አይሰረጉድም፤ ስለዚህ ውሃ አይደለም። ሐሙስ ይመዝኑኛል፤ ሕክምናው መጀመር አለመጀመሩ ያኔ ይታወቃል። እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም።

አባትሽ ግን እጁ አልታረም። ሳያስበው ይከድነዋል፣ ከዚያ ደንግጦ ይከፍተዋል፤ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ክዳኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ትንሿን ይዘሽ ነይ፤ እንዲህ እንዳለሁ እዪኝ፤ ከእንግዲህ በስልክ አልስልልሽም።

ጌታ ቤትሽን ይባርክ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ማዕድሽን ሙሉ ያድርገው። ክዳኑን በደንብ አስቀምጪው። ጣሳውም እንደ ወጉ ይደርስሻል፤ ለጊዜው ግን እኔ እፈልገዋለሁ።

እናትሽ