ሚስቴ ሳትሞት ስለተደወለላት የመርዶ ደወል

ለተከበሩ አባ ዶን ሴቨሪኖ፣ የቫልዴሮካ ካቴድራል አስተዳዳሪ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ ደረጃ ለመውጣት፣ ጆሮዎም ለመስማት እንዲበረታ ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይ ጆሮዎ። እኔ ፋውስቲኖ ላሬዶ ነኝ፤ በካቴድራሉ ማማ ላይ አርባ አንድ ዓመት ደወል ደውያለሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምትጽፍልኝ የመድኃኒት ቤቷ ዶኛ ኡርሱላ ናት። ቃሌን እንዳታለዝብብኝ አስምያታለሁ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ከአራት ዓመት በፊት እኔን አሳርፈው በቦታዬ የኤሌክትሪክ ሞተር ስላስገቡ አመሰግናለሁ። ሞተሩ አይታመምም፣ ወይን አይጠጣም፣ ከእርስዎም ጋር አይከራከርም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ማን እንደሞተ አያውቅም።

አንደኛው አቤቱታዬም ይኸው ነው። እርስዎ ከሌላ አውራጃ ስለመጡ አልፈርድብዎትም እንጂ፣ እኛ ዘንድ ወንድ ሲሞት ሦስት፣ ሴት ስትሞት ሁለት ጊዜ ይመታና ከዚያ ነው ረጅሙ የሐዘን ደወል የሚቀጥለው፤ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይቆጥራል። ባለፈው ማክሰኞ ዳቦ ጋጋሪው አናስታሲዮ ሲያርፍ፣ ጸሐፊዎ ከቢሮ ሆነው አዝራር ተሳሳቱና ሁለት ጊዜ ተመታ። በሰፈራችን በጠና የታመመች ሴት ደግሞ ባለቤቴ ኢላሪያ ብቻ ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቱ ጥቁሩን ለብሶ፣ ሾርባውን በድስት ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ፌሊሳ የምትባለው ጎረቤታችን እንባዋን እየጠረገች፣ "ምነው ፋውስቲኖ፣ ሳትነግረን? እንዴት ያለች ደግ ሴት ነበረች እኮ" ስትል፣ ኢላሪያ ከአልጋዋ ሆና፣ "በቁሜ እንዲህ ብለሽኝ አታውቂም፤ ግቢና ሾርባውን አስቀምጪው" አለቻት።

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ሰዉ ሲሄድ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "እኔን ያ ማሽን እንዳይደውልልኝ። አንተ ነህ የምትደውልልኝ፤ ማልልኝ" አለችኝ። ማልኩላት። ሐኪሙ የወይራ ለቀማውን አታልፍም ብሎናል፤ ወይራው ደግሞ መጥቆር ጀምሯል፤ ለቀማው ደርሷል። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ሰዓት በተመታ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ እስከ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፤ ፈቃድዎን ልለምን ሐሙስ ዕለት በእግሬ መጣሁ። እንደ ልማዴ በትልቁ በር ስገባ ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ፣ "አባባ፣ ለጸሎት ከሆነ በጎን በር፣ ለጉብኝት ከሆነ በተራ" አለችኝ። "ለደወል ነው" ብላት ኮምፒዩተሯን አየት አድርጋ፣ "ደወል የሚል እዚህ የለም" አለች። እናም ጎብኚ ሆንኩ። ከጀርመኖች ኋላ ተሰልፌ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ተሰክቶልኝ፣ የተጠመቅሁበትንና የተዳርኩበትን ቤት እንድጎበኝ ስለፈቀዱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በማዳመጫው የሚናገረው ሰውዬ እነዚያ ሹል ቅስቶች ነፍስን ወደ ሰማይ ይስባሉ አለኝ፤ እኔን የሳቡኝ አንገቴን ነው። ባለቀለሙ መስታወት ወለሉ ላይ ቀይ ብርሃን ሲጥል ባየሁ ጊዜ፣ በሠርጋችን ቀን ያው ቀይ ብርሃን በነጭ ቀሚሷ ላይ አርፎ ኢላሪያ "ማነው ወይን የደፋብኝ?" ብላ መደንገጧ ትዝ አለኝና ቆም አልኩ። ጠባቂዎ፣ "አይቁሙ፣ መንገድ ዘጉ" አሉኝ። ሄድኩ።

ማማው ሥር ስንደርስ ማዳመጫው ደወሎቹ ዛሬም እንደ ጥንቱ በሰው እጅ እንደሚደወሉ ነገረኝ። ጀርመኖቹ ተደንቀው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ደዋዩ ከአጠገባቸው ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

የመጨረሻው አቤቱታዬ በጸሐፊዎ ላይ ነው፤ ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ ወንበር ሰጥተውኛል። ጉዳዬን ሰምተው ሲያበቁ፣ "በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ኮሚቴው በጥር ይሰበሰባል" አሉኝ። ኢላሪያን እስከ ጥር ታገሺ ልበላት? ቤት ገብቼ "ምን አሉህ?" ስትለኝ፣ "እያሰቡበት ነው" አልኳት። በሃምሳ ሦስት ዓመት ትዳራችን የዋሸኋት ያን ቀን ነው፤ ለዚህም ያበቁኝ እርስዎ ነዎት።

የምለምንዎ ሥራዬን እንዲመልሱልኝ አይደለም። አንድ ቀን፣ አንድ ገመድ፣ ሩብ ሰዓት ነው። ጥቂት ቀን እጠብቃለሁ።

የማዳመጫዎ ሰውዬ ዛሬም ደወል የሚያስደውለኝ፣ የተሾሙበትን ወንበር እንደማከብር ሁሉ የሚቀመጥበትንም ሰው ለማክበር ዘወትር የምጣጣር፣

ታዛዥዎ ፋውስቲኖ ላሬዶ
ጣቱን በቀለም ነክሮ አትሟል

ማሳሰቢያ፦ ባሰናበቱኝ ቀን ቁልፉን መልስ ብለውኝ መልሻለሁ። ማማው ሁለት ቁልፍ እንዳለው ግን የጠየቀኝ የለም። ዶኛ ኡርሱላ "ይህንንስ ባንጽፈው ይሻላል" አለችኝ፤ ጻፊው አልኳት። ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ሁለት ጊዜ ሲመታ ከሰሙና ምቱ ዝግ ያለና ያልተስተካከለ ከመሰለዎት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አይጥሩ። ቆብዎን ያውልቁ።