ያስተካከልክልኝ ጊታር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ? እናታችንን ደረጃ መውጣቱ አሁንም ያስቸግራታል? ባለቤትህና መንትዮቹስ ደህና ናቸው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምልህ ግን በጤና በኩል ነው። ሳምንቱን ሙሉ ንዴቴ ይበርድልኝ እንደሆነ ብዬ ቆየሁ፤ አልበረደም። ስለዚህ እንደተናደድኩ እጽፍልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው፣ ለማንም አታሳይ።

የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። ሰባቱን ጊታሮቼን ሳሎን ግድግዳ ላይ በተርታ ሰቅለህ፣ እንደታጠበ ሳህን እያብረቀረቁ፣ ከሥሩ «ሁሉንም አሳድሼ አስተካከልኩልሽ» ብለህ ጽፈሃል። ምስጋና እየጠበቅህ እንደሆነ ገብቶኛል። ጠብቅ።

እነዚያ ጊታሮች አሥራ አንድ ዓመት ፈጅተውብኛል። አንደኛውን አንገቱ ተሰብሮ ሊጣል ሲል ከአንድ የሆቴል ሙዚቀኛ ለምኜ ነው ያመጣሁት፤ ሙጫው እስኪይዝ ድረስ ስንት ቀን በገመድ ታስሮ አልጋዬ ሥር ተኝቷል። ለቀዩ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚያነሳውን ክፍል ከሌላ የሞተ ጊታር ነቅዬ ገጠምኩለት። ሆዱ የተቀደደውን ደግሞ ከእናታችን አሮጌ ቁም ሣጥን በር በወጣ ጣውላ ሠራሁት። ለዚያ በር ምን ያህል እንደተሰደብኩ ታስታውሳለህ፤ ከተሳዳቢዎቹ አንዱ አንተ ነበርክ። ጣውላውን እየፋቅሁ፣ በጣቴ እያንኳኳሁ፣ ድምፁ እስኪከፈት ድረስ አሳሳሁት። አንተ ወስደህ ለማን ሰጠኸው? ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» እያለ ለሚያሾፍበት አናጢ። ክረምት በገባ ቁጥር የማይዘጋ በር ለሚሠራው ሰውዬ። እሱም በር መስሎት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ደራርቦ ቀባቸው። አሁን ሲመቱ የሣጥን ድምፅ እንደሚያወጡ ሳልሰማም አውቃለሁ።

ይሁን፣ ቫርኒሽ ይፋቃል። እዚህ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ሰዓት ቆሜ የምውለው እሱኑ ስፍቅ ነው።

አንጀቴን ያሳረረኝ ከበሩ አጠገብ የሰቀልከው ቡናማው ነው። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ ክሮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ደውዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ? ወፍራሞቹ ክሮች ተገልብጠው ተገኙ፣ አናጢው እንደ ሌሎቹ አደረጋቸው፣ ለካ አንቺም ትሳሳቻለሽ ብለህ ሳቅህብኝ። ከአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባትን የአጥንት ቁራጭ እንኳ ነቅሎ በፕላስቲክ ተክቷታል። ያቺን አጥንት በሞረድ ስቀርጽ ሦስቴ ተሰንጥቃብኝ በአራተኛው ነው የተሳካልኝ።

አልተሳሳትኩም፣ ጋሼ። አሁን የምነግርህን ለማንም አልናገርም ብዬ ለአባባ ቃል ገብቼ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የግራ እጁ ጣቶች አልታጠፍ አሉት። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀመ የደረደረ ሰው ጣቶቹ ሲከዱት ምን እንደሚሰማው አስበው። ያኔ ማተሚያ ቤቱን ተረክበህ የምታስተዳድረው አንተ ነበርክ። «እጄ እንደደከመ ወንድምሽ ካወቀ ቤት ያስቀምጠኛል፤ እንዳትነግሪው» አለኝ። ክር የሚጫነው በግራ እጅ ስለሆነ የቡናማውን ጊታር ክሮች ገለበጥኩለት፤ በቀኙ እንዲጫን፣ በግራው አውራ ጣት ብቻ እንዲመታ። በስልሳ ስምንት ዓመቱ እንደ አዲስ ሀ ብሎ ተማረ። አንድ ዘፈን ሳይሰናከል ለመጨረስ ዓመት ተኩል ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊትህ ስንት ጊዜ ተጫውቷል፤ በየትኛው እጁ እንደሚጫን ግን አንድ ቀን ልብ ብለህ አላየህም።

እናታችን በስልክ ነገረችኝ። እንግዶችህ የመጡ ዕለት፣ አባባ ይጫወትልን ብለህ ያንኑ ጊታር አውርደህ ሰጠኸው። እንደለመደው ጭኑ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ መታውና ቀና ብሎ አየህ። ከዚያ መልሶ አቀበለህና «ረስቼዋለሁ፣ ልጆቹ ይጫወቱ» አለ። አንተም ለእንግዶችህ እርጅና ነው ብለህ ነገርካቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካውም፤ ሬዲዮ ከፍቶ ቁጭ ይላል አለችኝ። እሷ አሁንም ደክሞት ነው የሚመስላት።

ለዚህ ሥራ ከቤት ስወጣ ጊታሩ ላይ «አይነካ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነበረብኝ፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው። የቀረው የአንተ ነው። የሰውን ነገር ሳይጠይቁ ማስተካከል የቆየ አመልህ ነው። የትምህርት ቤት ድርሰቴን በቀይ እስክሪብቶ አርመህ፣ ሌላ ሰው ሠራላት አስብለህ ያስገረፍከኝ ጊዜም እኮ ልትረዳኝ ነበር።

ሌላ አጥንት ቀርጬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። አናጢው ጋ እንዳትወስደው። ፕላስቲኩን ቀስ ብለህ ነቅለህ እሷን መልስ፤ ቀይ ነጥብ ያደረግሁበት ጎን ወፍራሙ ክር የሚያርፍበት ነው። ክሮቹን አንድ በአንድ አዘዋውር። ካስቸገረህ እኔ ጋ ደውል፣ አትፈላሰፍበት። ስትጨርስ እጁ በሚደርስበት ቦታ ስቀለውና ዝም በል። ማወቅህን እንዳያውቅ። ሲጫወት ከሰማህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ፤ አታጨብጭብ፣ ጣቶቹንም በዓይንህ አትከተል። አራት ዓመት ያላየኸውን ዛሬ ማየት ጀምረህ እንዳታሳፍረው።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ አንተን መቻሏ ይበቃታልና በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። መንትዮቹን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ከቡናማው በቀር የፈለጉትን ያንሱ፣ ቢሰብሩትም እኔ እጠግነዋለሁ። ለሚሊሜትር ሰላምታ የለኝም።

ለአባባም ሰላምታ እንዳታደርስልኝ። ምን ጻፈች ብሎ ይጠይቅሃል፤ አንተ ደግሞ ውሸት አትችልበትም። ቃሌን የበላሁት በአንተ ምክንያት ነው፤ እሱ ፊት የምቆመው ግን እኔ ነኝ።

ታናሽ እህትህ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ጥቅምት 17 ቀን