የቦራ ጠፍር

ባምባሲ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕሊና እናት፣ ለስርጉት፤ ፓዌ፣ እህትሽ ቤት

እንደምን ከርመሻል? ሕሊናስ እንዴት ናት? ስልኬን እንደማታነሺልኝ ስለገባኝ ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። በጽሑፌ አትሳቂ፣ ድሮም እንዲህ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል። የጓሯችን ማንጎ ከመቼውም የበለጠ አፍርታ ነበር፤ ሕሊና ስለሌለች የሚለቅማት ጠፋና ፍሬዋ ከሥሯ ረግፎ ተበላሸ። የጎረቤታችን የቀጄላ ሚስት ብርሃነሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ከኛ ሰፈር ገንፎ ላገንፋ ብሎ የሄደላት ሰው የለም። አንቺ ብትኖሪ ማንንም ሳትጠይቂ ገብተሽ ጉልቻውን ትይዢው ነበር።

ደህና ነኝ ያልኩሽም ውሸት ነው። መሬቱ አልታረሰም።

ቦራን የሸጥኩበትን ቀን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከአፌ አውጥቼው ስለማላውቅ ዛሬ ላውጣው። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ነበር። ሆን ብዬ የጠበቅሁት ያን ቀን ነው። ቦራ ከእናትሽ ላም የተወለደ፣ አንቺ ከእጅሽ ጨው እያላስሽ ያሳደግሽው በሬ ነው፤ ገዢው ሲጎትተው ዞሮ ዞሮ ወደ ቤቱ ያይ ነበር። አንቺን ሲፈልግ ነው።

አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም። የኛ ቦራና የቀጄላ ዳለቻ ስድስት ክረምት ተቀናጅተው አርሰውልናል፤ ሁለት ቀን ለእኛ፣ ሁለት ቀን ለእነሱ። ቀንበሩ የቀጄላ፣ ሞፈሩ የኔ። የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፣ እሱ ከወለጋ የመጣ ሰው ነው፤ እኔና እሱ አንድም ቀን በተራ ተጣልተን አናውቅም። ከዚያ በላይኛው መንገድ ተኩስ ተሰማና ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። ያ በሞተር ሳይክል የሚመላለሰው ጠመንጃ ሻጭ አንድ ቀን መንገድ ላይ አቁሞ «ጎረቤትህ ዋጋ ጠይቆኛል» አለኝ። እኔ ቀጄላን አልጠየቅሁትም። ስድስት ክረምት አብሬው ያረስኩትን ሰው አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ። በሬ መሸጥ ግን አላቃተኝም።

ስትመለሺ በረቱን አየሽ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ጠመንጃም አየሽ። አልጮህሽም። ማንገቻውን ስትነኪው ግን እጅሽ እዚያው ቀረ፤ ቦራ ቀንበር ላይ የሚታሰርበት ጠፍር ነበር። አባትሽ የፋቀውን ጠፍር እኔ ለጠመንጃ ማንገቻ አደረግሁት። «ከማን ልትጠብቀን ነው?» አልሽኝ። ዝም አልኩ። «ይሄ ነገር እዚህ ቤት እያለ ልጄ እዚህ አታድርም» ብለሽ በሦስተኛው ቀን ሄድሽ። ያኔ ተቆጥቼ ነበር። አሁን የሚያናድደኝ ዝም ማለቴ ነው።

ግንቦት ሲገባ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ቀጄላ ሄድኩ። ግባ አላለኝም፣ እኔም ልግባ አላልኩም።

«ዳለቻን ለጥቂት ቀን አውሰኝ፤ ሌላ በሬ ፈልጌ አቀናጀዋለሁ» አልኩት።

መሬት መሬቱን እያየ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ ጠራኝ። «ያ ነብዩ፣ ዳለቻ የለም።»

«ታመመ?»

«ሸጥኩት። የካቲት ላይ። አንተ ጠመንጃ እያፈላለግህ ነው አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

ያው ባለሞተር ሰውዬ መሆኑን ነገረኝ። ለሁለታችንም የነገረን እሱ፣ ለሁለታችንም የሸጠልን እሱ። ቀጄላን ስሸሸው ስለከረምኩ የጎረቤቴ በሬ ከደጁ መጥፋቱን እንኳ አላየሁም። ሁለት ጠመንጃ አለን ስርጉት፣ አንድም በሬ የለንም።

ብርሃነሽ ከውስጥ «አስገባው እንጂ» ባትል ኖሮ እዚያው ቆመን እንቀር ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሬዲዮው ስለ ታላላቆቹ አገሮች ያወራል፤ አንዱ ሌላው ገዛ ብሎ ይገዛል፣ ያኛውም ይህን አይቶ ይጨምራል፣ ለመሣሪያ የሚያወጡት ከዓመት ዓመት እየናረ ነው ይላል። ቀጄላ አዳመጠና «እነሱም በሬ ሸጠው ነው እንዴ?» አለ። ሳቅን። ጠመንጃዬ ጎን ላይ የተጻፈ ነገር አለ፣ እዚህ አገር የሚያነበው አላገኘሁም። በየትኛው አገር እንደተሠራ አላውቅም፤ የሠራውም ሰው ባምባሲ የምትባል ቦታ መኖሯን አያውቅም። ቦራን ግን የበላብን እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዶማ እንቆፍራለን። ተራው ያው ነው፤ ሁለት ቀን በእኛ፣ ሁለት ቀን በእነሱ። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ በሬዎቹ እስከ ረፋድ የሚጨርሱትን አይሞላም። ሩብ መሬቱን ከዘራን ትልቅ ነገር ነው፤ ለከርሞ ምን እንደምንበላ አላውቅም። የሚያሳፍረው ደግሞ ጠመንጃችንን ይዘን ነው የምንቆፍረው። የሱ በሱ ዳር፣ የኔ በኔ ዳር ቆመው ያዩናል። «እናስረክባቸው» አልኩት። «አንተ ቅደም» አለኝ። «አንተ ቅደም» አልኩት። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተባባልን።

ትናንት ግን አብረን ልናስረክብ ተስማማን፣ ዛሬ ሦስት ሰዓት፣ እዚሁ በረንዳ ላይ። አሁን አምስት ሰዓት አልፏል። ይህን ወረቀት ያስደገፍኩት ሰደፉ ላይ ነው። መንገድ መንገዱን እያየሁ ስለምጽፍ መስመሩ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

ነይ አልልሽም። እንደዚያ የማለት መብት የለኝም። ሕሊና ትምህርቷን እዚያው ከቀጠለች ደስ ይለኛል፤ እዚህ መምህሩ ከሄደ ወዲህ ሌላ አልመጣም። እህትሽን ሳሚልኝ። እመቤቴ አንቺንም ልጄንም በጥላዋ ታኑርልኝ፤ ሲመሽ በሰላም፣ ሲነጋም በሰላም።

ባልሽ ነኝ፣ አሁንም ከሆንኩ፤
ነብዩ

ሳላሽገው ይህን ልጨምር። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ቀጄላ አልመጣም። ጸሐፊው ለምሳ ሊወጣ ቁልፉን ሲያነሳ ተነሳሁና አስረከብኩ። ወረቀት ጻፈልኝ፤ አጥፌ እዚሁ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ እንድታምኚኝ። ጠፍሩን ግን ፈትቼ አስቀረሁ። «ምን ያደርግልሃል?» ሲለኝ «የበሬ ነው» አልኩት።

አሁን ወደ ቤት ልሄድ ነው። መንገዱ በቀጄላ በር ነው የሚያልፈው፣ የሱ ጠመንጃ ደግሞ አሁንም እቤቱ ነው። ፈርቻለሁ ስርጉት፣ አልዋሽሽም። ለአራሷ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቻለሁ። ጠፍሩን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ፤ ከሩቅ ሲያየኝ ምንም እንዳልተንጠለጠለበት እንዲያይ።