ዝንጀሮ የነከሰው ምሳ ዕቃ

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማትረታው ባለቤቴ ለሙሉዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እህትሽ አሰፋሽስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ስልኬን አላነሳም ስላልሽ ይህን ደብዳቤ እናንተ ወዳላችሁበት ወደ ካምባ ለሚመላለሰው ሾፌር ለደበሌ ሰጥቼዋለሁ። እሱን እንኳ ባዶ እጁን እንዳትመልሺው።

ወሬውን ልንገርሽ፤ ኩራቱ አላስቀምጥ ብሎኛል። «ወይ እኔን ወይ ቆርቆሮህን ምረጥ» ብለሽ ጥለሻቸው የሄድሻቸው ስልሳ ሦስቱ አሮጌ ምሳ ዕቃዎቼ ባለፈው እሁድ፣ ልጆቻችን በተማሩበት ትምህርት ቤት በዓል ላይ ተደርድረው ታዩ። ሰው ተጋፍቶ ነው ያያቸው! አንድ የዞን ኃላፊ ከነከረባቱ የአሉሚኒየሟን ከፍቶ አሸተተና «የእናቴ ሽሮ ፍትፍት!» ብሎ እንባ አቀረረ። ባዶ እኮ ናት።

ከሁሉ በላይ ሰው የከበበው ግን ያቺን ሰማያዊዋን፣ አዲሱን ድስትሽን ለልዋጭ ሰጥቼ ያመጣኋትን ነው። ሲቀላ ሰፈር ገበያ ውስጥ የልዋጯ ሴትዮ ምሳዋን ስትበላባት አየኋት። «አባባ፣ አዲስ ሰጥቶ አሮጌ የሚወስድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብላ ስቃብኛለች። አንቺም ስትጮሂብኝ እልኸኛ ነኝና ምክንያቱን አልነገርኩሽም። ክዳኗን ገልብጠሽ ብታዪ ኖሮ የዝንጀሮውን የጥርስ ምልክት ታውቂው ነበር።

ትዝ አለሽ? ፋብሪካ ስሠራ፣ ገና እጮኛዬ ሳለሽ፣ ምሳዬን ይዘሽ ስትመጪ ዝንጀሮ ነጠቀሽ። ሌላዋ ብትሆን እግሬ አውጪኝ ትል ነበር። አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ አባረርሽው፤ ምሳውን ቢበላውም ዕቃዋን አስጥለሽ፣ ባዶዋን ይዘሽ የፋብሪካው በር ላይ ቆምሽልኝ። የዚያን ቀን ምሳችን ሙዝ ነበር። እኔም ከዚህች ሴት ሌላ አላገባም አልኩ። ቤት ስንቀይር ጠፍታ ገበያ ላይ ያገኘኋት ሰማያዊዋ እሷው ናት፣ ሙሉዬ።

እሁድ «ይቺስ የማን ናት?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «ባለቤቴ ከዝንጀሮ የማረከቻት ናት» አልኩ። ተጨበጨበልሽ! አንቺ ግን አልነበርሽም።

ስልሳ ሁለቱን ለትምህርት ቤቱ ሰጠኋቸው። ስኒዎችሽን ከካርቶን አውጥቼ ቡፌው ላይ መልሻቸዋለሁ። የአንዱ እጀታ ተሰብሯል፤ እኔ አይደለሁም።

የፊታችን ቅዳሜ ራሴ ሠርቼ፣ በሰማያዊዋ የሁለት ሰው ምሳ ቋጥሬ ካምባ እመጣለሁ። ጨው ቢበዛበትም ቻዪው። ከሄድሽ ወዲህ ብቻዬን ስበላ እህል አይወርድልኝም።

እስከዚያው እግዚአብሔር ጤናሽንም ሳቅሽንም ይጠብቅልኝ።

ያንቺው እልኸኛ፣
በዛብህ

እንዳልረሳው፦ መንገድ ላይ ዝንጀሮ ቢነጥቀኝም አልቀርም። ባዶዋን ይዤ በርሽ ላይ እቆማለሁ።